መርፌ መውጋቱን ተውሽው አሉ?

ደሴ በመጣሁ ቁጥር ስለ አሜሪካ የሚጠይቀኝ ሰው እየቀነሰ ነው። አሁን ጥያቄው «ነርስነቱን ተውሽው አሉ፣ እውነት ነው?» ሆኗል። አክስቴማ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅም፤ «መርፌ ካልወጋሽ፣ ቁስል ካላጠብሽ፣ ታዲያ ደመወዙን በምንሽ ነው የሚሰጡሽ?» አለችኝ። «ስብሰባ በመቀመጥ» ስላት ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው እንጂ ግማሹ እውነት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የነርስ ማናጀር ነኝ። ለሰፈራችን ግን ዛሬም ሲስተር ነኝ። የደም ግፊት መለኪያዬን ሳልይዝ መጥቼ አላውቅም፤ ቡናው ሳይፈላ ጎረቤቶቻችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል። አሜሪካ ስገባ ሲስተርነቱ አብሮኝ አልገባም ነበር። ዲፕሎማዬ ተመዝኖ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና እስካልፍ ድረስ በነርስ ረዳትነት አረጋውያን ሳጥብና ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ ስለኖራችሁት አላስረዝመውም።

አርኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያላት ነርስ፣ ሆኜ ወደ ዋርድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ጀመር። ሌሊት ሰው ይጎድላል፤ አንዷ ነርስ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች፤ ጠዋት ደግሞ ለምን መድኃኒት ዘገየ የሚል ኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሉን የጻፈው ሰው አንድም ሌሊት ቆሞ አድሮ እንደማያውቅ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ማስተርሱን የጀመርኩት በዚያ ንዴት ነው። ለሹመት ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ለገንዘብ ቢሆንማ ኦቨርታይም ይሻለኝ ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ ለአክስቴ ያስረዳሁት በቁጥር ነው። ለአንድ ታካሚ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 የሥራ ሰዓት ተፈቅዶልኛል እንበል። 24 ሰው ከተኛ 192 ሰዓት ነው፤ ፈረቃው የ12 ሰዓት ስለሆነ ቀንና ሌሊት ተደምሮ 16 ሠራተኛ አስገባለሁ። ሦስት ታካሚ ድኖ ሲሸኝ 168 ሰዓት፣ 14 ሠራተኛ ይሆናል። ለሁለቱ ደውዬ «ዛሬ አትምጡ» የምለው እኔ ነኝ። ያልመጣ አይከፈለውም፤ ወይም ከዓመት ፈቃዱ ይነሳለታል። ቁጥሩ የማይነግረኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ከቀሩት 21 ሰዎች ስንቱ ብቻውን መገላበጥ እንደማይችል፣ የትኛው ሽማግሌ ሌሊት ተነስቶ እንደሚወድቅ። ያን ጠዋት ዋርዱን ዞሬ ካላየሁ ከኤክሴል ላይ አላገኘውም። ከአለቃዬ ጋር የምጨቃጨቀውም በዚህ ነው፤ መርፌ የያዝኩባቸው ዓመታት የሚጠቅሙኝም እዚህ ላይ ነው።

ሜሪላንድ የራሷ ጠባይ አላት። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየሆስፒታሉ የዓመት ገቢ አስቀድሞ የሚወሰነው በክፍለ ግዛቷ ኮሚሽን ነው፤ ብዙ ሰው ስላስተኛን ብዙ ገንዘብ አይመጣም። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ሰው ሳያስፈልገው አልጋ ላይ እንዳይውል ያደርጋል። ግን ገንዘቡ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ተጨማሪ ሰው ሳስገባ ከየት አመጣሁት መባሌ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው ስልኩ ነው። በቀደም አትምጪ ያልኳት ልጅ የሐይቅ ልጅ ናት። በየወሩ ለእናቷ እንደምትልክ አውቃለሁ፤ አንድ ፈረቃ ሲቀር ከየትኛው ላይ እንደሚጎድል ሳልጠይቃት ይገባኛል። በእንግሊዝኛ ጀመርኩና አላስችል ብሎኝ «የኔ እመቤት፣ ይቅርታ» ብዬ ወደ አማርኛ ገባሁ። «ሲስተር፣ በእንግሊዝኛው ይሻለኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነርስ ሳለሁ ርክክብ አድርጌ፣ ጫማዬን ቀይሬ እሄድ ነበር፤ የሰው ሕመም እንኳ ቤቴ ድረስ አይከተለኝም ነበር። ይህኛው ይከተላል።

ከዚያ በዓል አለ። የኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ለአሜሪካኖቹ ተራ እሑድ ነው፤ ለሐበሻ ነርስ ግን ቅዳሜ ሌሊት መግባት ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ማናጀር ከሆንኩ ወዲህ ፎርም የሚሞላ ቀረ፤ «እህት ዓለም፣ አንቺ እያለሽልን» የሚል መልእክት ነው የሚመጣው። ሁሉንም ብፈቅድ ዋርዱ ባዶ ያድራል፤ ብከለክል «ወንበር ቀየራት» ይሉኛል።

የዚህን መላ ያገኘሁት ከማስተርሱ አይደለም። የደሴን ሆስፒታል ሪፈራል በምንለው ዘመን የፋሲካ ዋዜማ ዱቲ (ተረኝነት) የሙስሊም ባልደረቦቻችን ነበር፤ የዒዱን ደግሞ እኛ እንይዘዋለን። ማንም መመሪያ አላወጣበትም። ማትሮናችን፣ የነርሶች ኃላፊያችን፣ ወረቀቱን ስትለጥፍ እኛ ተስማምተን ጨርሰናል። ሜሪላንድ ላይ በፕሮግራሙ ሰንጠረዥ ለየበዓላቱ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ፊሊፒኖዎቹ ዲሴምበር 25ን ያርፋሉ፣ እኛ እንገባለን፤ ለጃንዋሪ 7 ይመልሱልናል። ሕንዶቹ ለዲዋሊ፣ ናይጄሪያዊቷ ለዒድ። አለቃዬ በጣም ዘመናዊ አሠራር ነው አለች። ወሎ መሆኑን አልነገርኳትም።

ባለፈው ሳምንት ያችኑ ማትሮናችንን፣ አሁን እንኳ እሳቸው ልበል፣ ልጠይቃቸው ቧንቧ ውሃ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ምን እንደምሠራ ስነግራቸው ግራ አልገባቸውም፤ «የኔን ሥራ ነዋ የያዝሽው!» አሉ። «አንቱ ለአንድ በሽተኛ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስልተው ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «ስንት ነርስ እንዳለኝ አውቅ ነበር። የሚጨምርልኝ ሰው ከሌለ ማስላቱ ምን ይረባኛል?» አሉኝ።

ከሳቸው ጊዜ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ያኔ ሆስፒታሉን የሚመራው ሐኪሙ ራሱ ነበር፤ ቀን ኦፕሬሽን ሠርቶ ማታ ቼክ ይፈርማል። በ2010 እ.ኤ.አ. ጤና ጥበቃ ያወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ የታካሚ ፍሰት፣ የካርድ አያያዝ፣ የነርስ አገልግሎት እያለ በየምዕራፉ ደረጃ አወጣለት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ማስተርስ ከፈተ። አሁን ሪፈር የተጻፈለትን በሽተኛ የሚቀበልና አልጋ የሚፈልግ ሊያዞን የሚባል ክፍል አለ። ከመካነ ሰላም ወይም ከወገል ጤና ያን መንገድ ተንገላታ የመጣችን እናት አልጋ ሞልቷል ብሎ መመለስና ቀድሞ በስልክ ማወቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን የሚሠራ ሰው መርፌ አይወጋም፤ ሥራ ፈት ነው የሚል ግን ካለ ካርድ ክፍል በር ላይ አንድ ጠዋት ይዋል።

ኮምቦልቻ የምትሠራ፣ በኔ ዘመን ተማሪ የነበረች ነርስ ማትሮን ሁኚ ተብላ አማከረችኝ። የፈራችው ኃላፊነቱን አይደለም፤ የዱቲ ክፍያው ስለሚቀርባት ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብለን አሰላነው፤ የኃላፊነቱ አበል የሚቀረውን አይሞላም። ጎበዝ ነርስ ወደ ቢሮ የማትገባው ስለማትችል ይመስለን ነበር፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዱቲ ስለሆነ ነው እንጂ። በወር ጥቂት ዱቲ ይተዉልሽ እንደሆነ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ አልኳት፤ ገንዘቡም አይቅር፣ እጅሽም አይርሳ።

ሰንጠረዡን በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ዲዋሊውን አጥፍታ፣ መውሊዱንና ጥምቀቱን አስገብታ ለሚቀጥለው ወር እየሞከረችው ነው። ሹመቱን ግን ገና አልፈረመችም።