በአስቸኳይ ይሸጥ

በማንችስተር ደርቢ ቀን ቤቴ ሊሸጥብኝ ነበር። «ቤቴ» ስል የተከራየሁትን ማለቴ ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም።

የነገሩ ጠንሳሽ ሰፈር ውስጥ «ሊቀመንበሩ» የምንለው ጓደኛዬ ነው። የዩናይትድ ደጋፊ ከሚባል የክለቡ ባለቤቶች የአሜሪካኖቹ የግሌዘር ቤተሰብ ጠላት ቢባል ይቀላል። ቡድኑ ሲሸነፍ አሰልጣኙንም ተከላካዩንም አይወቅስም፤ «ይሄ ሁሉ ክለቡን የገዙበት የ2005 መዘዝ ነው» ይልና ቢራውን ያነሳል። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት የዩናይትድ ደጋፊዎች ግሌዘሮችን ሊቃወሙ ስታዲየሙን ኦልድትራፎርድን ጥሰው ገብተው የሊቨርፑል ጨዋታ ለሌላ ቀን ሲራዘም፣ እኛ ዶሮ ወጣችንን በልተን ቴሌቪዥን ፊት እንደተደረደርን ቀረን፤ እሱ ግን ተነስቶ ጨፈረ።

ታዲያ በደርቢው ቀን ረፋድ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ይዞ ከች አለ። ክለቡ በ1878 በባቡር ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ ተብሎ ሲመሠረት የለበሰው ቀለም ነው፣ በ2010 ቤካም ለሚላን ተጫውቶ ሲወጣ በዚህ ቀለም የተሠራውን የተቃውሞ ሻርፕ አንገቱ ላይ አድርጎታል፣ ወዘተ። ታሪኩን ሰምቼ ሳልጨርስ አንሶላዬን ዘርግቶ ጽፎበታል። የላይኛው መስመር «ግሌዘሮች ይውጡ! ክለቡ»፣ የታችኛው «በአስቸኳይ ይሸጥ» ይላል። በረንዳዬ ላይ ሰቀለው። ግሌዘሮች በኮዬ በኩል ያልፋሉ ወይ ብዬ ብጠይቀው «አጋርነት ነው» አለኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨዋታው ተጀመረ። የራሳችንን ደርቢ፣ ጊዮርጊስና ቡናን እንኳ፣ አዳማና ሐዋሳ ሄደው ሲጫወቱ በዲኤስቲቪ ያየን ሰዎች ስለሆንን ሶፋ ላይ መጮህ ልምድ አለን። ከመካከላችን የሲቲ ደጋፊው አንድ ብቻ ነው። «እናንተ ባለቤታችሁ እንዲወጣ ትጮሃላችሁ፤ እኛ ከ2008 ጀምሮ ባለቤታችን ሼክ መንሱር እንዳይሰለቸው ነው የምንጸልየው» ይላል። ሊቀመንበሩ «መጀመሪያ ሊጉ በገንዘብ የከሰሳችሁን ያን ሁሉ ክስ ጨርሱ!» ብሎ ያንባርቃል።

በር ተንኳኳ። አንድ ወጣት፣ ሁለት ስልክ በእጁ፣ «ስለ ሽያጩ ነበር» አለ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ግባ ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለው። ደጋፊ መስሎታል።

«ስንት ነው የሚሉት?»

«ስድስት ቢሊዮን ነው አሉ። አብደዋል!»

ደላላው ትንሽ ዝም አለና «ይቀንሳሉ?» አለ። ሙያ ነውና።

«እነሱ? ሞተው ነው! አባትየው በ2014 አረፉ፤ አሁን ስድስት ልጆች ናቸው የያዙት።»

«የውርስ ነው እንዴ?»

«አዎ። ያውም ከሩብ በላዩን ራትክሊፍ የሚባል ሀብታም በ2024 ገዝቷቸዋል።»

ደላላው ደብተሩን ዘጋ። ኮሪደር ወጥቶ ስልክ ሲደውል ይሰማኛል፤ «ማዘር፣ ስድስት ወራሽ እንዳለብዎት፣ ደግሞም ሩቡን እንደሸጡት ለምን አልነገሩኝም?»

እኔ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ለካ የአምስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ብርድ ልብሷን አጥባ አስጥታ ኖሯል፤ የላይኛውን መስመር ድርግም አድርጎ ሸፍኖታል። ከታች ሆኖ ለሚያይ የሚነበበው «በአስቸኳይ ይሸጥ» ብቻ ነው። በአስቸኳይ ማለት ደግሞ በደላላ ዓይን በርካሽ ማለት ነው። ደረጃው ላይ ሌሎች ሦስት ተሰልፈዋል።

አከራዬ ሳሪስ ነው የሚኖሩት። በየትኛው ታክሲ እንደመጡ እንጃ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይገፋ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። አመጣጣቸውስ ምንም አልነበር፣ ሰዓቱ ነው የከፋው። ሊቀመንበሩ ለደላሎቹ የግሌዘሮችን ወንጀል እያስረዳ ነበር፤ «እንዴት መሰላችሁ፣ ከኪሷ ትንሽ አውጥታ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድራ ኮንዶሚኒየም የምትገዛ ሴትዮ አለች እንበል። ዕዳውን ማን ይከፍላል? ተከራዩ! እሷ እቤቷ ቁጭ ብላ ትበላለች! ሌብነት አይደለም?»

«ማን ነው ሌባ?» አሉ አከራዬ።

ሊቀመንበሩ ዘወር ሲል ምራቁን ዋጠ። «ግሌዘር ናቸው፣ ማዘር። ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የገዙት አብዛኛውን ተበድረው ነው፤ ዕዳውንም ክለቡ ላይ ጫኑት።» አከራዬ ግን እሱን ትተው እኔን ነው የሚያዩት።

አንሶላውን አውርጄ፣ ብርድ ልብሱን አሳይቼ፣ በአምላክ ምዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ገባቸው። ሳቁም። ተቀመጡና ውሃ ጠጡ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ደላላ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለወሬ ያህል... አሁን ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» አሉት።

ጆሮአቸው ላይ ሹክ አላቸው። አከራዬ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ጣታቸው ላይ ቆጠሩ።

ከጠዋት ጀምሮ «ይሸጥ! ይሸጥ!» ሲል የዋለው ሊቀመንበር ከሶፋው ተነሳ። «ማዘር፣ እንዳይቸኩሉ! የኪራይ አዋጁ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም ይላል!»

«ተከራዩ ችግር የለም፣ ይወጣል» አለ ደላላው፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

በዚህ መሀል ሲቲ አገባ። የሲቲ ደጋፊው ብቻውን ጣሪያ እስኪነካ ዘለለና «ገባ! ገባ! ገባ!» እያለ አከራዬን አቀፋቸው።

እሳቸው ገፍትረውት ደላላው ላይ አፈጠጡ፤ «ማነው የገባው? ገና መቼ ሸጥኩና!»