ታንኳዋ አለቀሰች

ብየዳ ላይ የዋለ ሰው ቀዳዳ አይወድም። እኔም አልወድም ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ላለ አንድ ሙዚየም በር ላይ የምትቆም ትልቅ የብረት ታንኳ ሠራን። ርዝመቷ 6 ሜትር፣ ልብሷ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ሆዷ ባዶ። የጣና ታንኳ የሚሠራበትን የታሰረ ደንገል እንድትመስል ቀጫጭን ቱቦ ጎን ለጎን ደርድረን በየድንባት። ከሥር፣ ዝቅ ካለው ቦታዋ ላይ፣ ለውኃ መውጫ ብዬ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁ።

የምረቃው ዋዜማ አሠሪያችን ጎንበስ ብሎ አያት።

«ይህቺ ቀዳዳ ምንድን ናት? ሰው ሥራው አላለቀም ይላል።»

ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ደክሞኛል፤ ቀሪው ክፍያም ገና በእሱ እጅ ነው። ስቱኮ ለውሼ ደፈንኳት፤ ቀለም አስነካኋት፤ አለቀ።

መስከረም ላይ ስልክ ተደወለ። «ሐውልትህ እያለቀሰ ነው፤ ቶሎ ናልን።»

እውነትም ታለቅሳለች። በየብየዳው ስፌት ቡናማ ውኃ ይንጠባጠባል። ነጩ መቆሚያ ቡና የተደፋበት መስሏል።

ብየዳ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት መርፌ ጫፍ የምታክል ክፍተት አያጣም። ፀሐይ ብረቱን ስታግለው ውስጥ ያለው አየር ተነፍቶ በዚያች ይወጣል። ከሰዓት የክረምቱ ዶፍ ሲወርድበት ደግሞ ይኮማተራል፤ ከ50 ዲግሪ ወደ 20 የወረደ አየር ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያኔ ታንኳዋ ላይዋ ላይ ያለውን ውኃ ትስበዋለች። በየቀኑ አንድ ጉንጭ። መውጫውን ደግሞ እኔው ደፍኜዋለሁ። ውስጧን አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት መከላከያ ቀለም፣ አልቀባናት፤ በምን እጅ ገብተን?

ከተሰበሰበው ሰው መሀል አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ነበሩ፣ ጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ። ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«አንተ ልጅ፣ ታንኳ እኮ ውኃ ትጠጣለች።»

«እንዴት አባቴ?»

«ደንገል አይደለች? ውላ ስትገባ ዳር አውጥተን እናቆማታለን፣ ትንጠፈጠፋለች። ያለዚያ ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች። ያንተዋ መቼ ተንጠፍጥፋ ታውቃለች?»

ምን ልበል? ከሥሯ በጀርባዬ ገብቼ ድሪሉን ስቱኮው ላይ ደገንኩ። ገና ብቅ ሲል ውኃው በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ወረደ። የዛገ ምስማር ይሸታል። ሁለት ባልዲ ሞልቶ ሦስተኛውን ጀመረ። ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

በመጨረሻ ከሥር ሦስት ቀዳዳ፣ ከላይ ከከንፈሯ ሥር ደግሞ አየር ማስገቢያ አንድ በሳሁ። አራቱንም ወረቀት ላይ ሥዬ አሠሪውን አስፈረምኩት። ቅር እያለው ፈረመ።

በቀጣዩ ክረምት ለማየት ብሄድ አንደኛዋን ልጆች ማስቲካ ወትፈውባታል። በሽቦ አወጣሁት።