ለሰሜን ተራሮች ስንት ኪሎ ልሸከም? እስካሁን የደረስኩበት

ሃይኪንግ ለሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚነገረው «ከሰውነትህ ክብደት 20 በመቶ እንዳታልፍ» የሚለው ነው። እኔ 64 ኪሎ ስለሆንኩ 12.8 ኪሎ ይደርሰኛል። ቁጥሩ ለጣሪያነት ጥሩ ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት ግን አይነግርም። በሰሜን ተራሮች የምናድርበት ግጭ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቁም ነገር የማንቆጥራት አንድ ኪሎ እዚያ ዳገት ላይ ትንፋሽ ትቆርጣለች።

ስለዚህ አሁን ሸክሜን ለሁለት ከፍዬ ነው የምመዝነው። አንደኛው በመንገድ ላይ እያለቀ የሚሄደው ነው፦ ምግብ፣ ውሃና ጋዝ። ሁለተኛው ከደባርቅ ወጥተን እስክንመለስ ሳይቀንስ ጀርባ ላይ የሚሰነብተው ነው። ትግሉ ያለው እዚህኛው ላይ ነው። የኔ አሁን 7.9 ኪሎ ደርሷል። ባዶ ቦርሳው 1.6፣ ድንኳን ከጓደኛዬ ጋር ተካፍለን 1፣ ስሊፒንግ ባግ 1.4፣ ምንጣፍ 0.5፣ ልብስ 1.9፣ ምድጃና ድስት 0.5፤ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ መድኃኒትና ጥቃቅኑ ሁሉ ተደምሮ 1 ኪሎ። ሁሉንም አንድ በአንድ በኩሽና ሚዛን መመዘን አሰልቺ ነው፤ ግን ሥሩት። ሚዛኑ ከተናገረ በኋላ ክርክር የለም።

በጣም ያከራከረኝ ጋቢ ነው። የኔ ጋቢ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ልክ እንደ ስሊፒንግ ባጉ። ካምፕ ላይ ተከናንቦ መቀመጥ ደስ ይላል። ግን ጥጥ ነው፤ እርጥበት ከያዘ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። አሁን በቦታው ቀለል ያለ ጃኬት እይዛለሁ። ስሊፒንግ ባጉን ግን አልነካውም። በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቅዝቃዜ ላይ ክብደት መቆጠብ አደጋ ነው።

ምግብ ላይ ያለን ሀብት ይገርማል። በግጭ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ምስር ወይም ሩዝ ለማብሰል ብዙ ጋዝ ያልቃል። በሶ እሳት አይፈልግም። ድርቆሽ ትንሽ ሙቅ ውሃና በርበሬ ይበቃዋል፤ ቦታ መያዙ ብቻ ነው ችግሩ። የኔ ምርጫ ጭኮ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ስታርች ደግሞ 4። የተቆላ ገብስና ንጥር ቅቤ አንድ ላይ ሲሆኑ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይገኛል። በዚህ ስሌት ለአንድ ቀን 750 ግራም ይበቃኛል።

ውሃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ድርድር የለውም። ያለኝ አማራጭ የት እንደምሞላ ማወቅ ነው። ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ሲኬድ የጅንባር ወንዝ ስለሚሻገሩ፣ ማጣሪያ ከያዝኩ ጠዋት ላይ ሙሉ ጭነት አያስፈልገኝም። በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ወደ ጨነቅ ካምፕ ሲሆን ግን ሁለት ሊትር ተኩል ሞልቼ ነው የምነሳው።

እንግዲህ ደምሩት፦ 7.9፣ የሦስት ቀን ምግብ 2.25፣ ውሃ 2፣ ጋዝ ከነቆርቆሮው 0.4። 12.55 ኪሎ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ሲጨመር ከጣሪያው ትንሽ ያልፋል፤ ግን ወደ ጨነቅ በምንነሳበት ቀን የተወሰነው ምግብ ስለተበላ ይካካሳል።

«በቅሎ እያለ ምን አስጨነቀህ?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ራስ ዳሸንን ጨምሮ ለሚሄድ ሰው በቅሎ መከራየት ትክክለኛው ውሳኔ ነው፤ ለአካባቢው ሰውም ገቢ ነው። ግን በቅሎዋ በራሷ ፍጥነት ስለምትሄድ ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጃኬት፣ ምሳና የግንባር ባትሪ ምንጊዜም ጀርባችሁ ላይ ይሁኑ። ከአምስት ኪሎ ብዙም አይበልጡም።

ሰሞኑን ሙሉውን ጭነት ይዤ እንጦጦ እየወጣሁ ነው። የወገብ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጌ፣ ከባዱን ዕቃ ከጀርባዬ ጋር አጣብቄ ስሸከም ትከሻዬ በጣም አርፏል። ቀጣዩ ዕቅዴ ባዶ ቦርሳውን ከ1.2 ኪሎ በታች በሆነ መቀየር ነው። ቀላል ቦርሳ ከ12 ኪሎ በላይ ጭናችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ቀበቶው እንዴት እንደያዘላችሁ ንገሩኝ።