ስንተኛ ወጣሽ?

ዩኒቨርሲቲ ልጀምር ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ስገባ፣ ሚኒባሱ ላይ ከተጫነው ዕቃ ትልቁ የእኔ ነበር። ሻንጣዬ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ስንቁ ነው። እናቴ በሶውን በአንድ ማዳበሪያ፣ ዳቦ ቆሎውን በሌላ ቋጥራልኛለች። ግቢ ውስጥ ምግብ አለ ብላት "ይኑር፣ የቤት የቤት ነው" አለችኝ። ልክ ነበረች። ሌሊት የራባት የዶርም ልጅ ሁሉ ቀጥታ ወደ እኔ አልጋ ነበር የምትመጣው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ስወጣ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ጥናት ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ደብተሬን ሙጥጥ አድርጌ እሸመድዳለሁ፣ ፈተና ላይ መልሱን እመርጣለሁ፣ አለቀ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ቢሆን ያው ምርጫ ነው። ክቧን ማጥቆር ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የበላቸው ጣና ነው። ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምሬ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ የሚደወል ደወል የለም። ደብተር የሚያይ የለም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ አያለሁ። ሲመሽ "ፔዳ! ፔዳ!" በሚል ታክሲ እመለሳለሁ። (ፔዳ የሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ ድሮ እዚያ ከነበረው የፔዳጎጂ አካዳሚ የተረፈ ስም ነው።) ዩኒቨርሲቲ ያስፈራሩኝን ያህል አይደለም አልኩ።

የሎጂክ (ትክክለኛ ክርክርን ከተሳሳተው የመለየት ትምህርት ነው) መምህራችን አንድ ቀን ሳይናገሩ ኩዊዝ የምትባል አጭር ፈተና ሰጡን። ከ10 3 አመጣሁ። ኩዊዝ ናት፣ ምን ታመጣለች ብዬ ተውኳት።

ለአጋማሹ ፈተና፣ ለሚዱ፣ ግን ተዘጋጀሁ። ሀንድአውቱን ከሽፋኑ እስከ ጀርባው ሸመደድኩ። የፋላሲዎቹን፣ ማለትም የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶቹን፣ ስም እንደ ቆሎ ተማሪ በቃሌ ነበር የምወጣቸው። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ፈተናው ስም አልጠየቀም። ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ሐኪም ታማሚውን "ሲጋራ አቁም፣ ሳንባህን እየጎዳው ነው" ይለዋል። ታማሚው "እርስዎ ራስዎ ያጨሱ የለም እንዴ?" ብሎ ይመልሳል። የታማሚው መልስ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? አብራሩ። እኔ ስለ አድ ሆሚነም (ክርክሩን ትቶ ተናጋሪውን መንካት ነው) የተጻፈውን ትርጓሜ ከነነጠላ ሰረዙ አወረድኩት። ሦስት ዓይነት እንዳለውም ጨመርኩበት። ስለ ሐኪሙና ስለ ሲጋራው ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ወረቀቱ ሲመለስ ከ5 1 ነበር። ዳር ላይ በቀይ "እና ለምን?" ተብሎ ተጽፏል። ሚዱ በጠቅላላ ከ20 7።

አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅማ።

ከጎናችን ዶርም አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በሶ ልትበጠብጥ መጥታ ሳለቅስ አገኘችኝ። "አውትላይንሽ የታለ?" አለች። አውትላይኑ የመጀመሪያው ቀን የተሰጠን ወረቀት ነው። እኔ አልጋዬ ስለሚንቀጠቀጥ አጣጥፌ ከእግሩ ሥር አድርጌዋለሁ። ጎንበስ ብላ ሳበችው። አልጋው ተንቋቋ።

"ኩዊዝ 10፣ ሚድ 20፣ የግሩፕ አሳይመንት 20፣ ፋይናል 50" ብላ አነበበች። "እስካሁን ከ30 10 አለሽ። የቀረው 70 ነው። ኤን እርሺው። ቢ 70 ይፈልጋል፤ ከ70ው 60 ማምጣት አለብሽ ማለት ነው። ሲ ከሆነ 40 ይበቃሻል። ገና አልሞትሽም።"

ቀጥላ "ይቺን 5 ኢሲቲኤስ የምትለዋን ታውቂያታለሽ?" አለችኝ። ጌጥ ነበር የመሰለችኝ። ለካ የኮርሱ ሥራ መለኪያ ናት፤ አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ሥራ ነው። 5 ጊዜ 27፣ 135። "በ16 ሳምንት ክፍል የምትቀመጪው 48 ሰዓት ነው። ቀሪው 87 የራስሽ ነበር። የት አደረስሽው?"

ጣና ወሰደው ልላት አፈርኩ።

ከዚያ ያደረግሁት ትልቁ ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማጥናት አይደለም። መምህሩ ቢሮ መሄዴ ነው። እኛ አገር ስታፍ የሚገባ ተማሪ አንድም አጥፍቷል፣ አንድም ጠመኔ ተልኳል። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው መምህሩ ራሳቸው ሲወጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምንና ማምለጫ አጣሁ።

ወረቀቴን አይተው "ትርጓሜውን እኔም አውቀዋለሁ" አሉኝ። "እኔ የጠየቅሁሽ ይሄ ሰውዬ ምን እንዳጠፋ ነው። ሐኪሙ ማጨሱ፣ ሲጋራ ሳንባ አይጎዳም ማለት ነው?"

"አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ እሷን ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ 5 ነበረሽ።"

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ስወጣ "ሀንድአውቱን ተዪውና ምሳሌውን ራስሽ ፈልጊ" አሉኝ። እኔም መፈለግ ጀመርኩ። የፈለገ ሰው ደግሞ የትም አያጣም። የባጃጁ ሾፌር አንድ ቄስ በጫነ ማግስት ጎማው ስለፈነዳ ቄስ መጫን ማቆሙን አጫወተኝ። ፎልስ ኮዝ፣ ያልሆነውን ምክንያት ማድረግ! እናቴ ባሕር ዳር ሄዳ የታመመች አንዲት የጎረቤት ልጅ ታውቃለችና የከተማው አየር ለማንም አይሆንም ትላለች። ሄስቲ ጀነራላይዜሽን፣ ከአንድ ሰው ተነስቶ በሁሉም ላይ መደምደም! እናትን ፋላሲ ማለት ነውር ቢሆንም ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። ማታ ማታ ደግሞ ሁሉንም ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ "ለምን ተሳሳተ?" የሚለውን በራሴ ቃል እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ስሸመድድ የማውቀው እየመሰለኝ እንጂ አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

ኮምፖዚሽን የሚባለውን ፋላሲ ግን ከማንም ምሳሌ አላመጣሁም። ራሴው ገባሁበት። እያንዳንዱ ጎበዝ ስለሆነ ቡድኑ ጎበዝ ይሆናል የሚለው ነው። ግሩፓችን ሰባት ነበርን። ሰባታችንም ከየትምህርት ቤታችን በደረጃ የወጣን። ሥራውን የሠራነው ሁለት ነን። የቀሩት "ስሜን አስገቢልኝ" ባዮች ናቸው። እኔም አስገባሁ፤ እምቢ ማለት ከበደኝ። እንዲያውም ውስጤ ደስ ብሎት ነበር፤ ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ ብዬ። በፕረዘንቴሽኑ ቀን መምህሩ ዝርዝሩን አዩና በጣታቸው አንዱን ነኩ። ስሙን እንጂ ሥራውን የማያውቅ ልጅ ላይ አረፈ። ምስኪን፣ ስላይዱን አነበበ። አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ወደ እኔ ዞረ። "እሷን አልጠየቅሁም" አሉት። ከ20 12፣ ለሰባታችንም።

ልጁ ላይ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ሥራውን አንድ ቀን እንኳ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። በሌላው ኮርስ ከእሱው ጋር ተመደብን። ያኔ ክፍል ክፍሉን ተካፈልን፤ ከዚያ ሣር ላይ ተቀምጠን የእኔን ክፍል እሱ እንዲያስረዳ፣ የእሱን ደግሞ እኔ እንዳስረዳ አደረግን። ያልገባን ቦታ ወዲያው ይጋለጣል። ትንሽ ያዋርዳል፣ ግን ይሠራል።

ስለ ሌሎቹ ኮርሶች ብዙ የምለው የለኝም። ሒሳቡ መልሱን ብቻ ሳይሆን አካሄዱን ስለሚያርሙ አካሄዱን መጻፍ ለመድኩ። እንግሊዝኛው ደህና ነበር። ስፖርቱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ እየሮጥኩም እየሄድኩም አለፍኩት።

ፋይናል ሲደርስ ሌሊት ማንጋቱን ተውኩት። ሚድ ላይ ዓይኔ ቀልቶ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መመለሴን ያየሁት ወረቀቱ ሲመለስ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ገባሁና ከ50 38 አገኘሁ። 10፣ 12፣ 38፤ ደምሩት፣ 60። ሲ ፕላስ። ቢ ለመድረስ አሥር ጎደለኝ። ከአሥሩ ሰባቱ የዚያች የተውኳት ኩዊዝ ናት።

ውጤቱ የተለቀቀ ማታ እናቴ ደወለች።

"ስንተኛ ወጣሽ?"

"እማ፣ እዚህ ደረጃ የለም።"

"ታዲያ ማን እንደበለጠ በምን ይታወቃል?"

"ጂፒኤ የሚባል አለ። ሦስት ነጥብ አንድ አመጣሁ።"

"ከመቶ?!"

"ኧረ ከአራት!"

ትንሽ ዝም አለች። ስትቆጥር ይሰማኛል።

"ታዲያ የቀረችውን ምን በላት?"

"ሎጂክ" አልኳት።

"እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?"