ጠባሳውን የሚያሰፋው ውጥረት ነው፦ የጭን ቆዳ ማንሳት ከምርጫ እስከ 14ኛው ወር

ጭን ላይ የተንጠለጠለ ቆዳ በቀዶ ሕክምና ሲቆረጥ ጠባሳ ይቀራል። ያለ ጠባሳ የሚያነሳ መንገድ የለም። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ጠባሳው የት ያርፋል? ምን ያህል ይረዝማል? ወዴት ይጎተታል?» የሚል ይሁን። ደሴ ውስጥ ቁስል በማጠብና በማሸግ ሥራ ላይ ያለሁ ነርስ ነኝ። 38 ኪሎ ከቀነስኩ በኋላ ሁለቱንም ጭኖቼን አሠርቻለሁ። የምጽፈው ምን እንዳደረግኩ፣ ምን እንደተበላሸና ለምን እንደተበላሸ ነው።

ምርጫው መስተዋት ፊት ይጀምራል። ቆማችሁ የብሽሽታችሁን ቆዳ በሁለት እጅ ወደ ላይ ሳቡት። ጭኑ እስከ ጉልበት ድረስ ከተስተካከለ ብሽሽት ላይ ብቻ የሚቆረጠው አጭሩ ቀዶ ሕክምና ሊበቃ ይችላል። የላይኛው ተወጥሮ ከጉልበት በላይ ያለው ታጥፎ ከቀረ ግን አይበቃም። እኔ ስስበው ከጉልበቴ በላይ 4 ሣንቲ ሜትር ያህል እጥፋት ቀረ። ለእኔ መልሱ ያ ነበር።

ላይፖሳክሽን (ስብን በቱቦ መምጠጥ) ብቻውን የሚጠቅመው ስቡ በዝቶ ቆዳው ገና የሚለጠጥና የሚመለስ ለሆነ ሰው ነው። ጠባሳው ከግማሽ ሣንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ነውና ብዙዎች ይመኙታል። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ቆዳ ግን ላስቲኩ አልቋል። ስቡ ሲወጣ ባዶ ከረጢት ሆኖ የባሰ ይንጠለጠላል።

አጭሩ የማንሳት ቀዶ ሕክምና ብሽሽት ላይ ባለው እጥፋት ብቻ ይቆረጣል፤ ከፊት ተነሥቶ ወደ መቀመጫ እጥፋት ይሄዳል። የሚያስተካክለው የጭንን የላይኛውን ሲሶ ነው። ጠባሳው በውስጥ ሱሪ ይሸፈናል፤ ችግሩ የጭኑ ክብደት በሙሉ በዚያ አንድ መስመር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ስፌቱ ቆዳውን ብቻ ከያዘ በወራት ውስጥ ጠባሳው ወደ ጭን ይወርዳል፤ ይሰፋል፤ የሴት የብልት ከንፈርንም ጎትቶ ሊከፍት ይችላል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቴድ ሎክዉድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ለዚህ የመጣ ነው፦ የጭኑን ጥልቅ ንብርብር በብልት አካባቢ ካለው ጠንካራ ሽፋን ጋር ማሰር። ሐኪማችሁን «ስፌቱን ውስጥ ከምን ጋር ነው የሚያስሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ወረቀት ላይ ሥሎ ያሳያችኋል።

ረጅሙ ከብሽሽት እስከ ጉልበት በውስጠኛው ጭን ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይ አጭር አግድም ቁርጥ ይጨመርበትና የእንግሊዝኛውን ቲ ወይም ኤል ፊደል ይመስላል። ጥቅሙ ቆዳውን ወደ ጎን ማጥበቡ ነው፤ ክብደቱ ብሽሽት ላይ አይንጠለጠልም። ብዙ ኪሎ ለቀነሰ ሰው በአብዛኛው የሚሠራው ይኸኛው ነው። ጠባሳው ረጅም ነው፤ መስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ከተደረገ ግን ቆማችሁ ከፊት ለሚያያችሁ አይታይም። የውጭኛው ጭን ከተንጠለጠለ ደግሞ የሚቆረጠው ወገብ ዙሪያ ነው፤ ያ ሌላ፣ ትልቅና ረጅም ሥራ ነው።

እኔ ረጅሙን መረጥኩ። ረጅም ጠባሳ ፈርቶ አጭሩን ማሠራት የማየው ትልቁ ስህተት ነው፤ ጠባሳውም ይወርዳል፣ ቆዳውም ይቀራል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኪሎዬ ለ8 ወር አልተንቀሳቀሰም ነበር። ቢያንስ 6 ወር ያስፈልጋል። ሄሞግሎቢን፣ ስኳርና የደም ፕሮቲን ተመረመርኩ፤ በፍጥነት የከሳ ሰው ብዙ ጊዜ ብረትና ፕሮቲን ያንሰዋል። ሲጋራና ሺሻ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም፣ ከ4 ሳምንት በኋላም አይነካ። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ የቆዳው ጫፍ ጠቁሮ የሚሞተው በዚያ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው አይደብቅ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጆሮ ሲበሳ ወይም ደረት ላይ ሲቆረጥ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ወፍራም ጠባሳ) ያወጣ ሰው ደግሞ ይህን አስቀድሞ ይናገር።

ምልክቱ የሚሠመረው ቆማችሁ ነው። ተኝቶ የተሠመረ መስመር ስትነሡ ቦታውን ይለቃል።

ሥራው በሙሉ ማደንዘዣ 3 ሰዓት ወሰደ። የሚቆረጠው ቆዳ ስር ያለው ስብ መጀመሪያ በላይፖሳክሽን ወጣ፤ ከዚያ ቆዳው ብቻ ተገፈፈ። ይህ ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎችና ከቆዳ ስር የምትሄደውን ትልቅ የደም ሥር ያተርፋል። እነዚህ ሲጎዱ እግር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ያብጣል። በእያንዳንዱ ጭን አንድ የማፍሰሻ ቱቦ ነበረኝ። የሚፈሰው በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ቱቦው ይወጣል፤ የግራው በ6ኛው፣ የቀኙ በ8ኛው ቀን ወጣ። ቸኩሎ ያስወጣ ሰው ውሃ ይቋጥራል፤ በመርፌ ማስቀዳት ይመጣል። በዚያው ምሽት ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተራመድኩ። ደም እንዳይረጋ የታዘዘልኝን መርፌም አንድ ቀን አላሳለፍኩም።

አዲስ አበባ 12 ቀን ቆየሁ። ወደ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ሁሉ ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ ለደም መርጋት በር መክፈት ነው። በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ መጣሁ፤ ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን አቀበት በመኪና ወጣሁ፣ የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተለቅቆ፣ እግሬ ተዘርግቶ። በመኪና የሚመጣ ሰው በየሰዓቱ አስቁሞ 5 ደቂቃ ይራመድ። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቁስል በአንደኛው ሳምንት የቆዳን ጥንካሬ ከመቶ 3 ያህሉን ብቻ ነው ያለው። በ3ኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 ይደርሳል፤ ከ3 ወር በኋላ 80 ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ብዙም አይሄድም። ላዩ ተዘግቶ ስታዩት ውስጡ ገና ክር ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የምታደርጉት እያንዳንዱ ወጠር ማድረግ በጠባሳው ስፋት ላይ ይጻፋል።

እኛ አገር ደግሞ ኑሮው ሁሉ ጭን መክፈትና መቆንጠጥ ነው። መቀመጫ የሌለው ሽንት ቤት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቁጢጥ ሲባል ብሽሽትም ጉልበትም ላይ ያለው ስፌት አብሮ ይወጠራል። መሐሉ የተበሳ ወንበር አናጺ ጋ አሠርቼ ቀዳዳው ላይ አቆምኩት፤ ቁመቱ 45 ሣንቲ ሜትር። ሶላት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል፤ ለታመመ የተፈቀደ ነው። ስግደት ያለበት ክርስቲያንም የነፍስ አባቱን አማክሮ ስግደቱን ቢተው አይከለከልም። ባጃጅ ላይ አንድ እግር አስቀድሞ መውጣት ጭኑን ይከፍታል፤ መጀመሪያ በመቀመጫ ተቀመጡ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር ገጥማችሁ አስገቡ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አላነሣሁም። የደሴ አቀበትና ቁልቁለት ደግሞ የታወቀ ነው። ሜዳ ላይ በቀን 4 ጊዜ 10 ደቂቃ እየተራመድኩ ቆየሁ፤ ቁልቁለቱን የጀመርኩት ከ5ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ሲተኙ በጀርባ ሆኖ ከጉልበት ስር ሁለት ትራስ፤ በጎን ከሆነ በጉልበቶች መካከል አንድ ትራስ።

እኔን የጣለኝ በርጩማ ነው። በ19ኛው ቀን ቡና ለማፍላት ረከቦት ፊት ጉልበቴን ከፍቼ ቁጭ አልኩ፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ማታ የቲ መገናኛው ላይ 2 ሣንቲ ሜትር ተከፍቶ አገኘሁት። ያ ቦታ ሦስት የቆዳ ማዕዘኖች የሚገናኙበት ነው፤ ደም የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ላቡም እዚያ ይጠራቀማል። ከሁሉም ቀድሞ የሚከፈተው እሱ ስለሆነ በየቀኑ በመስተዋት እዩት።

የተከፈተ ቁስል እንደገና በክር አይሰፋም፤ በፕላስተር ተጨምቆም አይዘጋም፤ መግል ይቋጥራል። ከፋርማሲ በመጣ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በቀን አንዴ ታጠበ፣ በሳላይን የራሰ ጎዝ በስሱ ገባበት፣ ደረቅ ጎዝ ከላይ። ሳላይን ከታጣ 1 ሊትር ውሃ ለ20 ደቂቃ ይንተክተክና 9 ግራም ጨው ይግባበት፤ ልክ የሆነ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። አልኮልና ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ አታፍስሱ። በ24 ቀን ከስር ሞልቶ ተዘጋ። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ከበለጠ፣ ቅላቱ ወይም ሙቀቱ ዙሪያውን ከተስፋፋ ወይም ከሸተተ ግን ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም።

ጠያቂ የመጣችው ሁሉ «ትንሽ ቅቤ ቀባ አርጊበት፣ ያለሰልሰዋል» ትላለች። ከፍቅር ነው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይዘጋ» እላለሁ። ቅቤም ማርም ዳማከሴም በተከፈተ ስፌት ላይ ጀርም ይዘው ይገባሉ።

እርጥበት ሌላው ጠላት ነው። በውሃና በቀላል ሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይደርቅ፣ አይታሽ። ብሽሽቱን በፀጉር ማድረቂያ ፎን ቀዝቃዛ አየር አደርቀው ነበር። የታጠበና የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ እጥፋቱ ውስጥ አድርጌ በቀን 3 ጊዜ ቀየርኩ። ደሴ ብርዱ ረዳኝ፤ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው በዚያ ሙቀት 5 ጊዜም ይቀይር።

ማጥበቂያ ልብሱን 6 ሳምንት ሌትና ቀን ለበስኩ፤ ሁለት ይኑራችሁ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበስ። ጫፉ ብሽሽት ላይ ከተጠቀለለ እንደ ገመድ ይቆርጣል፤ በየሰዓቱ እየዳሰሳችሁ ዘርጉት።

ምግብ ላይ በቀን 80 ግራም ፕሮቲን ግብ አደረግኩ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፤ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ገደማ፤ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ያህል። በጾም ወራት ቀጠሮ አትያዙ፤ በምስርና በሽሮ ብቻ 80 መድረስ ይቻላል ግን ከብዶ ነው።

ጠባሳውን መንከባከብ የሚጀመረው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና ቅርፊቱ ሲራገፍ ነው። ከ3ኛው ሳምንት በተዘጋው ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር በርዝመቱ ለጠፍኩ፤ ራሱ እስኪለቅ 4 ወይም 5 ቀን ይቆያል። ውጥረቱን ከቆዳው ላይ ይወስዳል፣ ርካሽም ነው። ከ5ኛው ሳምንት የሲሊኮን ንጣፍ፤ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለ4 ወር። ንጣፉ ውድ ስለሆነ ለሁለቱም ጭን ሙሉ ርዝመት አልገዛሁም። ጫና ያለበት ብሽሽትና ጉልበት አጠገብ ብቻ አደረግኩ፤ መሐሉን በወረቀት ፕላስተር ጨረስኩ። በ14ኛው ወር ሳየው፣ ተከፍቶ ከነበረው ቦታ በቀር፣ በመሐሉና በጫፎቹ መካከል ልዩነት አላገኘሁም። የሲሊኮን ንጣፉ ማታ ማታ ታጥቦ ይደርቃል፤ መጣበቅ ሲያቆም ይጣላል። ማሳጅ ከ6ኛው ሳምንት፦ ቫዝሊን ነካ አድርጎ፣ የጣት ጥፍር እስኪነጣ ተጭኖ፣ ቆዳውን ከስሩ ካለው ጋር እያንቀሳቀሱ፣ 10 ደቂቃ በቀን ሁለቴ። ላዩን ብቻ ማሸት ምንም አይሠራም።

ጠባሳው በ2ኛውና በ3ኛው ወር የባሰ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል። ይህን ጊዜ ነው ሰው ደንግጦ ማንጫ ክሬም የሚገዛው። አብሽሩ፤ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ይለሰልሳል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ትንሽ ጠቆር ብሎ የሚቀር ይኖራል። በቁስሉ መስመር ውስጥ ብቻ የወፈረ ጠባሳ ውፍረቱ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል፤ መስመሩን አልፎ ወደ ጤናማው ቆዳ የሚያድገው ኬሎይድ ነው፤ ራሱ አይጠፋም። ለሁለቱም ትራያምሲኖሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በየ4 እስከ 6 ሳምንት በመርፌ ይሰጣል። ከበዛ ቆዳውን ያሳሳል፣ ያነጣል፤ ስለዚህ ጠባሳው ከተስተካከለ በኋላ «አንዴ ይጨመርልኝ» አይባልም።

የውስጥ ጭኔ መደንዘዝ 7 ወር ቆየ። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ማበጡ በ3ኛው ወር ተወኝ።

በየወሩ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሣሁ። በ14ኛው ወር ቁመታዊው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የበርጩማው ቦታ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፍሮ ስለነበር ሁለት መርፌ ተወግቶ ተስተካክሏል። የቀኙ የብሽሽት ጠባሳ 1 ሣንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ከውስጥ ሱሪ ጠርዝ ስር ይታያል። በቦታ ማደንዘዣ ሊስተካከል እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እስኪለሰልስ እስከ 18ኛው ወር ጠብቄ ነው የምወስነው።