ፓዱ በአንድ ቀን ይለበሳል፣ ሰውነቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል

አዲስ አበባ እያለሁ ኳስ እጫወት ስለነበር ትንፋሽ አያንሰኝም ብዬ ነው የገባሁበት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሥረኛ ክፍል። ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋጩ ለሚጫወቱት ለአሜሪካን ፉትቦል ስመዘገብ 63 ኪሎ ነበርኩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሐኪም የፈረመበት የምርመራ ወረቀት ነው፤ እሱ ከሌለ ሜዳ መርገጥ የለም።

ሄልሜቱን፣ የትከሻ ፓዱን፣ የዳሌ፣ የጭንና የጉልበት መከላከያውን ትምህርት ቤቱ ሰጠን። እኛ የገዛነው ታኬታና ማውዝጋርድ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚደረግ የጥርስ መከላከያ፣ ብቻ ነው። የኳስ ታኬታም ይሠራል፤ የፉትቦሉ ጫፉ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥርስ ስላለው ከቆሙበት ለመፈትለክ ያግዛል። ማውዝጋርዱን ነጭ ገዝቼ ገንዘቤን አባከንኩ። በሃይስኩል ሕግ ነጭና ብርሃን አሳላፊ አይፈቀድም፣ ዳኛው አፍ ውስጥ መኖሩን ከሩቅ ማየት አለበት።

ሄልሜቱ ላይ ግን አደጋ ያለው ስህተት ሠራሁ። የለኩልኝ አፍሮ እያለኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ፀጉሬን ተቆረጥኩና ሄልሜቱ ሰፋ፣ እኔም ለማንም ሳልናገር በሱ ተጋጨሁ፣ አዲስ ልጅ ስለሆንኩ ጥያቄ ማብዛት ከብዶኝ ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። የፊቱን ብረት ይዛችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት። የግንባራችሁ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው፣ ወዲያው አስቀይሩት። በልክ የሆነውም ቢሆን የራስ ቅልን ከመሰበር ነው የሚጠብቀው፣ ኮንከሽንን፣ ማለትም የአንጎል መናወጥን፣ አያስቀርም። ለዚህ ነው አንገት ቀና አድርጎ በትከሻ መግጠም ከሁሉም ቀድሞ የሚለመደው።

ትንፋሼም እንዳሰብኩት አልጠቀመኝም። በፉትቦል ኳሱን ወደፊት ለመግፋት የሚደረገው አንዱ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፣ ሁሉም ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና በሙሉ ኃይል። አምስት ኪሎ ሜትር ሶምሶማ መሮጥ ለዚህ አያዘጋጅም። ስለዚህ ሶምሶማውን ቀንሼ የሃያ ሜትር ሩጫ፣ ስኳት (ቁጢጥ እያሉ መነሳት) እና የአንገት ሥራ ያዝኩ። የአንገቱ ቀላል ነው፦ ጓደኛዬ መዳፉን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ይገፋል፣ እኔ እቋቋማለሁ፣ በአራቱም አቅጣጫ። በዓመቱ ስድስት ኪሎ ጨመርኩ፤ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ከመኝታ በፊት ሌላ ሳህን።

የከበደኝ ነሐሴ ነው። ልምምድ የሚጀመረው ልክ ፍልሰታ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሄልሜት ብቻ ነው የሚደረገው፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የትከሻ ፓድ ይጨመራል፣ ሙሉው በስድስተኛው ቀን። ሰውነት ሙቀቱን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ነው። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እሰለጥን ነበር፣ ለአሰልጣኙም አልነገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ጨለመና ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በረዶ የተሞላ ገንዳ ሜዳው ዳር ተዘጋጅቶ ነበር፣ ደግነቱ ጥላና ውሃ በቃኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚሁ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ጆርዳን ማክኔር የሚባል የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አርፏል። ቶሎ በረዶ ውሃ ውስጥ አልነከሩትም ነበር።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ የንስሐ አባታችን ጋር ይዛኝ ሄደች። «ከጥሉላት ጹም፣ ውሃውን ግን ጠጣ፣ ጠዋትም ቁርስህን ብላ» አሉኝ። በማግስቱ ለአሰልጣኙም ነገርኩት። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ሊትር ኮዳ ውሃ ሞልታ ቦርሳዬ አጠገብ ታስቀምጥልኝ ነበር፣ ማታ ስመለስም ባዶ መሆኑን ታያለች።