ሻሞላ ነው ወይስ ሰይፍ?

ሐምሌ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሲዘንብ ነው ያደረው። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ ሬዲዮ ጣቢያችን ቢሮ ደረስኩ። ግን ምንም አልመሰለኝም፤ ጥሩ ዜና ይዣለሁ።

ማታ ጣና ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ የለንደንን ኦሎምፒክ በዲሽ ሳይ ነበር ያመሸሁት። ሩጫው ገና ስላልጀመረ ቤቱ ጭር ብሏል። በሴቶች ኤፔ፣ በቀጭን ረጅም ብረት በሚነካኩበት ፍልሚያ፣ ግማሽ ፍጻሜ ደቡብ ኮሪያዊቷ ሺን አ ላም እና ጀርመናዊቷ ብሪታ ሃይደማን 5 ለ 5 ናቸው። ከጭማሪዋ ደቂቃ የቀረችው 1 ሰከንድ ብቻ ናት። ነጥብ ሳይቆጠር ካለቀ፣ ዕጣው የወጣላት ሺን ታልፋለች። ተጋጠሙ፤ እኩል ተነካኩ፤ አይቆጠርም። ሰዓቱ 1 ይላል። ደገሙት። አሁንም 1! በመጨረሻ ጀርመናዊቷ ነካች።

ኮሪያዎቹ ይግባኝ አሉ። መልሱ ሳይመጣ ሺን ከመድረኩ ከወረደች ውጤቱን ተቀበለች ማለት ነው። ስለዚህ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንድ ሰዓት ያህል! የሻይ ቤቷ እመቤት አላስቻላትም። «ይቺ ልጅ ዘመድ የላትም እንዴ? አንድ ሰው ሄዶ አያነሳትም?» አለች።

ዜናውን ጽፌ ከጠዋቱ 12፡40 ላይ ለአለቃችን ሰጠሁ። አየር ላይ የምንገባው 1፡00 ላይ ነው። ርዕሱ «በሻሞላ ፍልሚያ አንዲት ሰከንድ አላልቅ አለች» ይላል። በርዕሱ ኮርቼበታለሁ፣ ምን ልደብቅ። አለቃችን መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሻሞላ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሻሞላ በሁለት በኩል ስለት አለው። የሷ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም። የሚቆጠረው ጫፉ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቁልፍ 750 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍባት መብራት ይበራል።»

«ታዲያ ሻሞላን ምን አመጣው?»

«ጎራዴ ልበለው?»

«ጎራዴም ይቆርጣል።»

«ሰይፍስ?»

«ሰይፍ የመልአክ ነው።»

«እንግዲያው ጦር ልበለው!»

ይህን ያልኩት በንዴት ነው። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አሰቡበት። የምሬን ነው፣ አሰቡበት!

እውነቱን ለመናገር በቃሉ አልተሳሳቱም። ስለት የሚቆጠረው ሳብር በሚባለው ዓይነት ነው። በኤፔ ከእግር ጣት እስከ ራስ የትም ብትነካ ነጥብ ነው፣ ግን በጫፍ ብቻ። የኔ ሻሞላ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተገኘ ነው። ቢሆንስ? አድማጩ ማወቅ የፈለገው ስለ ብረቱ ነው ወይስ ስለ ልጅቷ?

ቴክኒሺያኑ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ደቂቃ። ወረቀቴ አሁንም እሳቸው እጅ ላይ ነው፤ «ሻሞላ» ተሰርዟል፣ ከላዩ የተጻፈ ነገር የለም። ዜናው ሳይገባ ቀረ። የተረፈችው ሰዓት እንድትሞላ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ተነበበ።

ከዚያ ያደረግኩት የልጅ ሥራ ነው። ስቱዲዮው በር ላይ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አልነሳም አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዙሪያዬን ወለወለች። አለቃችን ወጡ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ይግባኝ እየጠበቅኩ ነው፣ ጋሼ።»

ግር ብሏቸው አዩኝ። ቀልዱ አልገባቸውም። እንዴት ይግባቸው? ከርዕሱ በታች አላነበቡማ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ዜና ቀደም ብዬ አስረክባለሁ። ጥቅሙ፣ ለክርክር ሃያ ደቂቃ የነበረን አሁን አንድ ሰዓት ሆኗል።

የሺን ይግባኝም ውድቅ ሆነ፤ ነሐሱንም አጣች። ቅዳሜ ግን ከቡድኗ ጋር ብር አገኘች። በማግስቱ፣ እሑድ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሬዲዮ ከፈትኩ። የሳምንቱን መዝናኛ ራሳቸው አለቃችን እያቀረቡ ነው። ድምፃቸው መቼም ያምራል፣ አልክድም። ስለ አንዲት ኮሪያዊት ይተርካሉ። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ እንባዋ፤ ይባስ ብለው «አንድ ሰው ሄዶ አያነሳትም?» የምትለዋን የሻይ ቤቷን እመቤት ጥያቄ ሁሉ አስገብተውበታል። ለካ ወረቀቴን አልጣሉትም።

ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ተከፈተና ርዕሱን ደገሙት። «በሻሞላ ፍልሚያ…»